ሰባት ቤት

ሸፋሊ በጀልባ፣ ከረግረጉ ወጥታ፣
አንገቷ የዞረ ዶሮ በፌስታል አምጥታ፣
«ፈንግሉ ከየት ነው? ማነው የላከብኝ?»
አለችኝ።

የዶሮዋን ጉሮሮ ጠርጌ
ባራት ፊደል ብቻ የተጻፈ ጉዱን
ሳነብ አደርኩ፤ ቆጠርኩ ሰባት ቤቱን።
ቅድመ አያቱ ከዱር ዳክዬ፣
ያጎት ልጆቹ በየገበያው ቅርጫት፣
አንዱ አንድ ፊደል ስቶ፣ ሌላው ሁለት፣
ክትባቱን በተዋሰው ፊት ሰላም ብሎት ያለፈ።

ዛፉን ሳልኩላት፦ ቅርንጫፉ ብዙ፣
ወፍ የማያርፍበት።
በጣቷ ተከተለች።
ጫፉ ላይ የገዳዩ መንትያ፦
ኔትሮኮና ገበያ፣ የኢድ ዋዜማ፣ ቀይ አውራ ዶሮ።

«ዱላል…» አለች፣ «ወንድሜ የላከልኝ…»

ዝም።

ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፋ፣ ጉያዋ ከታ፦
«ከውሃው ነው ብለህ ጻፍልኝ።»