የመቃኑ ምልክት

ከመናፈሻው ጥግ፣ ዋርካ የጋረደው፣
ቆርቆሮው የዛገ፣ ጭጋግ የለመደው፣
አንድ አሮጌ ቤት አለ።

ያቆመው ስሜነህ፣ የወደቡ ጸሐፊ፣
ታንኳ ቆጣሪው፣ የጌሾና የሽንብራ ሚዛን አሳላፊ።
እሱ ሲሄድ ቀበሌ ገባበት፤ ማኅተምና ወረፋ፣
ከዚያም የዓሣ መረብ፣ ክረምት ከበጋ እንደከረፋ።
አሁን የአትክልተኛው አካፋ ማደሪያ፣
የዘበኛው አንማው ካፖርት መስቀያ።

ባለፈው ዓመት ግን ባለሙያ መጣ፣
ሜትሩን ዘረጋ፣ መነጽሩን አወጣ፣
መቃኑ ላይ አየ፣ በእርሳስ የተጫረ፣
አሥራ አንድ አግድም መስመር፣ ከወገብ የጀመረ።
«ይህማ» አለ፣ «ድሮ ጣና ሲሞላ ነው፣
በየክረምቱ ልኩን ጸሐፊው ያኖረው።
ከአሥራ አንደኛው ወዲያ፣ ውሃው አልጨመረም።»
ጽፎ ፈርሞ ሄደ። አንማው አልተናገረም።
ሰሌዳ ተሰቀለ፣ በሰማያዊ ቀለም፤
ጎብኚ ፎቶ ይነሣል፣ የሚጠይቅ የለም።

በቀደም እሁድ ነው፣ አንዲት ባልቴት መጣች፣
የመግቢያዋን ከፍላ፣ ትኬቷን ሸጎጠች፤
ጫማዋን አወለቀች፣ ተረከዟን ከደፉ፣
ጀርባዋን ከመቃኑ፣ ሻሿን ይዛ ከጫፉ።
«ለካኝ» አለች፣ «ልጄ፤ በጣቴ አልቆምም፤
አባቴን አታልል ነበር፣ አንተን አላታልልም።
በአሥራ ሁለተኛው ክረምት ለጎርጎራ ሰው ዳሩኝ።»

አንማው በጥፍሩ ጫረ፤ ዝቅ አለ ምልክቱ፣
አንድ ጣት፣ ምናልባት ሁለት፣ ከመጨረሻይቱ።
ዞራ አየችው። ሰሌዳውንም ቀስ ብላ አነበበች።
ሣቀች።
«እንግዲህ ጻፍላቸው» አለች፣ ሻሿን እያሰረች፣
«ጣና ዘንድሮ ጎደለች።»