ሦስት ሜትር

ወለሉ ላይ ቢጫ ፕላስተር ለጥፌያለሁ፤
ከወንበሩ እግር ሦስት ሜትር ለክቻለሁ።
«ይነሡ፣ እስከዚያ ይሂዱ፣ ዞረው ይመለሱ፣
እንደ ልብዎ፣ አይቸኩሉ» እላለሁ፣ ኪሴ ውስጥ ሰከንዶች ሲገሰግሱ።

ወይዘሮ ቴክላ ናቸው፣ ሰማንያ ሦስት ዓመት፤
አንጀታቸው ውስጥ እንደ ኮክ ፍሬ የጠጠረ እብጠት።
ዶክተር ቪቶልድ ቢላውን ስሏል፣ ቀኑን ቆርጧል፤
«ዕጢው ይወጣል» ይላል። ልክ ነው፣ ይወጣል።
የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ዕጢው የወጣ ለታ
ከአልጋው የሚነሣው ማነው? ማንስ ይቀራል በዚያው ቦታ?

በግዲኒያ ወደብ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ
ክሬን ነድተዋል እኚህ ሴት፤ ከደመና ሥር ተሰቅለው ነበር የሚውሉ።
ቤት የሚያህል ብረት በሁለት ጣት ያነሡ፣
ዛሬ መለኪያዬን ጨብጠው ዐሥራ አንድ ኪሎ ላይ ደረሱ።
«ተበላሽቷል» አሉኝ መሣሪያውን እያገላበጡ።
እኔም ዝም።
አንዳንዴ ለሰው ክብር ሲባል መሣሪያው ይበላሽ።

ክብደት? «ቀሚሱ ነው የሰፋው።»
ምግብ? «ለአንድ ሰው ማን ይቀቅላል?»
ደረጃ? «አራተኛ ፎቅ። ሊፍቱ ከፋሲካ ወዲህ ቆሟል።»
መውደቅ? እሱን ዘለሉት፤
የበለዘው ክርናቸው መለሰልኝ።

ሦስት ቃል ሰጠኋቸው፦ መልሕቅ፣ ማንኪያ፣ በረዶ።
ሰዓት ይሣሉልኝ አልኩ፣ ክቡን አስቀምጬ በባዶ።
ቁጥሮቹን ደረደሩ፣ ሁለቱንም ዘንግ ስድስት ላይ ሰኩ።
«ዐሥራ አንድ ከዐሥር ነበር ያልኩት።»
«ፈረቃዬ በስድስት ነው» አሉኝ፣ እያዘኑልኝ።
ቃላቱስ? «መልሕቅ።» መስኮቱን አዩ፤ «በረዶ።»
ማንኪያዋ ጠፋች።
የእህታቸው ልጅ ኦቲሊያ፣ በሩ ጋ፣ በሹክሹክታ፦
«ሻይ የሚያማስሉት በሹካ ነው።»

ከዚያ ተነሡ። ወንበሩን ገፍተው፣ ቃትተው።
ቢጫው ላይ ሲደርሱ ቆሙና ኮርኒሱን አንጋጠው አዩ፣
ከላይ ጭነት እንደሚወርድለት ሰው።
ዐሥራ ዘጠኝ ሰከንድ።

ስልክ አነሣሁ። «ቪቶልድ፣ አራት ሳምንት ስጠኝ።»
«ዕጢው አራት ሳምንት አይተኛም።»
«እሳቸው ግን ዛሬ ቢተኙ አይነሡም።»
መስመሩ ላይ ረጅም ዝምታ። «ሦስት» አለኝ።

እንቁላል፣ ጠዋትና ማታ። ዜና ሲጀመር
ከወንበር መነሣት፣ ዐሥር ጊዜ። ለደም ማነሱ ብረት።
(«ብረት!» ብለው ሳቁ፤ የዛሬው የመጀመሪያ ሳቅ።)
የእንቅልፍ ኪኒኑ ይቀነስ። ኦቲሊያ ማክሰኞና ዓርብ ትምጣ።

«ከቀዶ ጥገናው በኋላ ምን መቻል ይፈልጋሉ?»
ካፖርታቸውን ሲቆልፉ ነው የመለሱልኝ፣ አንድ ቁልፍ ተዛንፎ፦
«ደረጃዬን መውጣት። ወደቡ የሚታየው ከላይ ነው።»

ቅጹ ላይ «ደካማ» የሚለውን ሳጥን ምልክት አደረግሁ።
ከጎኑ መጻፊያ ቦታ የለውም፤
ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት፦ ከአራተኛ ፎቅ ወደቡ ይታያል።