ከሁለት ቀይ

ደምበጫ ገበያ፣ ዶሮ ተራው መሐል፣
ሰው ዋጋ ይከራከራል፣ የኔ ዓይን ላባ ይለቅማል።
ይቺ ገብስማ ናት፣ ገብስ እንደ ተዘራባት፣
ያቺ ቀይ፣ ከእሳት የወጣ የማሰሮ ፊት ያላት።
ወሰራው ጀርባው ፍም፣ ጭራው ቁራ መስሎ፣
አንገተ መላጣው ደግሞ፣ ሻሹን ጥሎ የመጣ ደብተራ አክሎ፣
ጉትያዋ ሠርግ እንደ ተጠራች፣ ሹሩባዋን ቆልላ፣
እግሯ በልጥ ታስሮ እንኳ፣ አትቀመጥም ተዋርዳ።

ስም አላቸው ሁሉም። ስም ግን ልብስ ነው፤
ልብሱን ማን እንደ ሰፋው ነው እኔን የሚያሳስበው።

ደብተር አለኝ፣ ጠርዙን ዶሮ የነቆረው፣
ከኋላው የዱቤ ዝርዝር፣ ከፊቱ የላባ ትውልድ የሰፈረው።
«መጋቢት አሥራ ሁለት። እናት ገብስማ፣ አባት ጥቁር።»
ዘጠኝ ጫጩት ወጣ፤ እስኪያድጉ ጠበቅኩ ሳልናገር።
ወንዶቹ ሁሉ ገብስማ፣ ሴቶቹ ሁሉ ከሰል፤
የእናትን ጥለት ወንዱ፣ የአባትን ሴቷ ስትከፋፈል!
በሰው ቤት ቢሆን ይኼ፣ ስንት ሽማግሌ ይቀመጥ ነበር፣
ስንቱ እኅት ከወንድሙ፣ በጥለት ይካሰስ ነበር።
በሚቀጥለው ዓመት ደገምኩት።
ያው።

መላጣ አንገት ምስጢር አያውቅም፣ አንድ ወላጅ ይበቃዋል።
ጎረቤቴ አስማረ «አውራዬ ካጥር አይወጣም» ይምላል፤
በኔ ግቢ ሦስት አንገተ ባዶ፣ ተሰልፎ ጥሬ ይለቅማል።

ነጭ ግን ይደበቃል።

ቀይ አውራ፣ ቀይ እናት፣ ሁለቱንም ከጥሊሊ ያመጣኋቸው፣
ሁለት ወር ሙሉ በራሴ ቁልፍ የዘጋሁባቸው።
አሥራ ሁለት ዕንቁላል አቀፈች፤
ሃያ አንድ ቀን፣ ውኃ ለመጠጣት ብቻ እየተነሣች።
አንዱ ገማ።
የቀሩት ጠጉራቸውን ጥለው ላባ ሲያበቅሉ
ስምንቱ ቀይ ሆኑ።
ሦስቱ ነጭ።

እናቴ የዝብነሽ በሩን ተደግፋ አየቻቸው።
«የማን አውራ ገባ?»
«ማንም አልገባም።»
«ታዲያ ነጩ ከየት መጣ?»
«ከራሳቸው። ከአያት ከቅድመ አያት ቁራጭ ቁራጩን ይዘው ነበር፤
ለብቻው ሲሆን ቀዩ ይሸፍነዋል፣
ሁለቱ ቁራጮች አንድ ጫጩት ላይ ሲገጥሙ ይወጣል።»
«ሳያውቁት?»
«ሳያውቁት።»

ዝም አለች።
እኔም ምን እንዳልኩ የገባኝ ያኔ ነው።

እናቴ ጥቁር ናት። አባቴ እንየው የባሰ ጥቁር ነበር።
እኔ ደግሞ ፀሐይ የማይበቃኝ ቀይ።
ክርስትናዬ ዕለት ከጠላው ቀድሞ ሐሜቱ ነው ያለቀ አሉ፤
የሰፈሩን ቀያይ ወንዶች በጣት እየቆጠሩ።
አባቴ ያን ክረምት ቡሬ ለሥራ ብሎ ሄደ፣
ለመስቀል ይመጣል ሲባል፣ ሦስት መስቀል አለፈ።
ሲመለስ ከረሜላ ይዞልኝ መጣ።
አቀፈኝ።
አንድም ቀን አልጠየቃትም፤
ቢጠይቃት ኖሮ ትመልስ ነበር።
ሳይጠይቅ ሞተ፤
መልሱ እሷ ጋ ቀረ።

«እማ» አልኳት፣ «ሰው ዶሮ አይደለም፤
የሰው ቆዳ በአንድ ክር አይሰፋም፣ ብዙ ነው፣ ይወሳሰባል፤
ይኼ ለአንቺ ማስረጃ አይሆንም...»
«አውቃለሁ» አለች።
ዝቅ ብላ አንዷን ነጭ አነሣች፣
ክንፏን ገልጣ ከሥሩ አየች፣
ቀይ ነገር እንዳለ ፈልጋ።
አጣች።

ለፋሲካ ነጭ ፈላጊ ብዙ ነው፣ ጥሩ ይከፍላሉ።
ሦስቱም እስካሁን ቤት አሉ።

ማታ ማታ ቆጡ ላይ ሲወጡ
በርጩማዋን ይዛ ትመጣለች።
«በይ ቁጠሪልኝ» ትላለች።
ስምንት ቀይ፣ እላለሁ።
«እሺ።»
ሦስት ነጭ።
«ከነማን?»