የካርዱ ስም

ካፖርቱን ልንሰጥ ስንፈትሽ፣ ባርባው ማግሥት፣
ከገበሩ ሥር ወጣ፦ የቃሊቲ ጤና ጣቢያ ካርድ፣
ላብ ያወዛው፣ አራት ቦታ የታጠፈ።
«ምንትዋብ ዘርጋው። ዕድሜ ስድስት። ትኩሳት።»

እናቴ አየችው። መልሳ አጠፈችው።
«ስሙ ዘርጋው፤ ዘረጋው» አለች።
ሌላ አልተናገረችም።

ስሙን እኔም ይዤዋለሁ፣ ከስሜ ቀጥሎ፣
እንደ ኤንትሬው ተሳቢ፣ ሃምሳ ዓመት ተንጠልጥሎ።

አቃቂ፣ መዝገብ ቤት፣ መነጽሯን በክር ያሰረች ሴት
«ምንህ ናት?» አለችኝ።
«ያባቴ ልጅ።»
«እህቴ አትልም?»
እስክሪብቶዬ ቆመ።
የሰባ ስምንቱን ፋይል አይጥ በልቶታል።

የዕድሩን ገንዘብ ያዥ ግን አይጥ አልነካውም፦
«እናቷን ቀብረናል። ቤቱ ለመንገድ ፈረሰ።
ልጅቷ ኮንዶሚኒየም ደርሷት፣ ቱሉ ዲምቱ።
ያ ሾፌር? በርበሬ በማዳበሪያ ጥሎ ይሄድ ነበር፣
ሞተሩን ሳያጠፋ።»

ሞተሩን ሳያጠፋ።
እኛም ቤት እንደዚያው ነበር።

ቱሉ ዲምቱ ነፋስ ነው። ሕንፃው ሁሉ አንድ መልክ፣
ቁጥሩን ዝናብ ግማሹን አጥቦታል።
ካርዱን በደረት ኪሴ ይዤ ሦስቴ ዞርኩ፣
ምን ብዬ አንኳኳለሁ እያልኩ።

ከአራተኛ ፎቅ አንዲት ሴት፣ አንሶላ እያሰጣች፣
ቁልቁል ተጣራች፦
«ዘርጋው! አንተ ዘርጋው!»

ከቀብሩ ወዲህ ማንም ጮኾ ያልጠራው ስም።
ኳስ ያቀፈው ልጅ ዝም አለ።
«አቤት» ያልኩት እኔ ነኝ።