እጅሽን አንሺ

በሩን ገርበብ አርጊው፣ መጋረጃ ሳቢ፣
ድምፅሽንም ቀንሺ፣ ወደ ጓዳ ግቢ።
እዚህ ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ
ወሬ ደረጃ አይደክመውም፤
ውሃ ነው የሚደክመው።

ጠየቅሽኝ፣ ሌንሴ፤ ልንገርሽ።
አፌ ስፒል ነክሷል፤ ቀስ ብዬ ነው የማወራው።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ለሙሽራ ቀሚስ ስፖንጅ ስሰፋ ኖርኩ፤
የስንቷን ደረት በመርፌ ሞላሁ።
የራሴን ማታ፣ መብራት ሲጠፋ
በመዳፌ ስለካው
መዳፌ ይተርፍ ነበር።

«ለማን ብለሽ ነው?» አለችኝ እህቴ።
ለማንም። ባሌ ከሄደ ሰባት ዓመቱ ነው።
ለመስታወቱ ብያት ነበር፤
እሱም አላመነኝ።

ዶክተሩ ልጅ ነው፤ ጥፍሩ የተከረከመ።
እኔ ጨርቅ ላይ በጠመኔ እንደማሰምረው
እሱም ደረቴን በሰማያዊ ቀለም አሰመረው።
«ሁለቱ እኩል አይደሉም» አለኝ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ።
ሁለት እጅጌ እኩል ወጥቶልኝ አያውቅም፤
ገባኝ አልኩት።

ከዚያ የማይወደደውን ነገረኝ፤ እኔም ላንቺ፦
ዕድሜ ልክ አይቆይም፤ እንደ ዚፕ ነው።
አሥር ዓመት፣ አሥራ አምስት፣ የሚበልጥም አለ፤
የሚጠነክር አለ፣ የሚቀደድ አለ፤
እንደገና መከፈት አለ።
ስሜቱ ሊጠፋ፣
ስትወልጂ ማጥባቱ ሊቸግር ይችላል።
ይኼን በተለይ ላንቺ ነው የምለው።
ፈርሚ አለኝ።
እጄ ተንቀጥቅጦ ስሜን ሁለት ጊዜ ጻፍኩት።

«ከአሥር ወደ ታች ቁጠሪ።»
ስድስት ላይ ጠፋሁ።

ስነቃ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ።
ሕመም ትጠብቂያለሽ፤
ቀድሞ የሚመጣው ግን ጥበት ነው፤
ሁለት ቁጥር ያነሰ ቀሚስ
ከቆዳሽ በታች እንደለበስሽ።
አብጠው፣ እንደተቆጣ ሰው ቀጥ ብለው፣
አንገቴ ሥር ደርሰው ሳያቸው
«አበላሸኝ» ብዬ አለቀስኩ።
ሲስተር አመለወርቅ ሳቀች።
«ይወርዳሉ፤ ጊዜ ስጫቸው።»

ስድስት ሳምንት በጀርባ መተኛት፤
እጅ ከትከሻ በላይ አይነሳም፤
ከባድ ነገር አይነሳም።
እዚህ ደግሞ ውሃ የሚመጣው ማክሰኞ ሌሊት፣
ለዚያውም ታች ቧንቧ፤
ሃያ ሊትር ቢጫ ጀሪካን፣ ሰባ ሁለት ደረጃ።

ጎረቤቴን ወይዘሮ ዘነቡን
«የሐሞት ጠጠር ነው» አልኳት፤
«እግዜር ይማርሽ» ብላ
ጀሪካኔን ከጀሪካኗ ጋር አወጣችው።
ፀጉሬን አጠበችልኝ።
በሦስተኛው ሳምንት ቁልፌን ስትቆልፍልኝ
እጇ ጥቂት ቆየ።
«ሐሞትሽ ከፍ ያለ ቦታ ነው ያለው» አለች።
ዳግመኛ አላነሳችውም፤
ውሃውንም አላቋረጠችም።

አሁን ወርደዋል። ለስላሳ ናቸው።
ሥራቸው ላይ እንደ ክር የቀጠነ ጠባሳ አለ፤
ጥሩ እጅ አለው ልጁ፤
እኔ ብሆን ግን ቋጠሮውን ወደ ውስጥ እደብቀው ነበር።
ግራዬ የሐምሌን ብርድ አያውቅም፤ ደንዝዟል።
መንገድ ላይም እስከ ዛሬ ነጠላዬን ወደ ፊት እስባለሁ፤
ሠላሳ ዓመት የጎበጠ ትከሻ
በሁለት ሰዓት ቢላ አይቃናም።

ደስ ብሎሻል ወይ? አዎ። ብዙውን ቀን አዎ።
ዕቁቤ ግን ሄደ፤ አልዋሽሽም፤
መኪናዬ ያው አሮጌው ሲንጀር ነው፤
ይኸው፣ ክር እየበጠሰ።

ሂጂም አልልሽ፣ ቅሪም አልልሽ።
ስፖንጅ ካልሽ መሳቢያው ውስጥ አለ።
ከሄድሽ ግን ጥያቄሽን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ሂጂ፤
ሲመልስልሽ ሰዓቱን ካየ፣ ተነስተሽ ውጪ።

በቃ፣ መሸ፤ የገላን ታክሲ ሳያልቅብሽ።
ነይ ወደ መብራቱ፣ አትጎብጪ።
አየር አውጪ።
እጅሽን አንሺ፤ ልለካሽ።