ቦታ ልቀቅልኝ

ጳጉሜን ዘንድሮ ስድስት ናት፤
እንደ በርበሬ ሻጭ እፍኝ፣ ከሚዛን በላይ ምርቃት፣
ለቸኮለ ሰው ቅጣት፣
ለእኔ ግን፣ ለጠባቂው፣ አንድ ተጨማሪ ንጋት።

ፍኖተ ሰላም፣ መናኸሪያው ጥግ፣ ክንዴን የማታህል ሱቅ፣
የክረምት ዝናብ ጣሪያዋን እንደ ከበሮ ሲደልቅ፣
እዚያ ነው ሥራዬ፤
ባንድ አሮጌ ኮምፒዩተር፣ በሁለት ድምፅ ማጉያዬ፣
ለገበሬው በሜሞሪ፣ ለሹፌሩ በፍላሽ
ዘፈን እጭናለሁ፤ እንደ ዘር፣ በቁና ሰፍሬ ላራሽ።
ኔትወርክ ከጠፋ ሰነበተ፤
አዲስ ዜማም እንደ ደብዳቤ፣ በረዳት ኪስ ተከተተ።

ደብተር አለኝ፤ ከኋላው ዱቤ፣ ከፊቱ ግን «የሚለቀቁ»፣
አሳታሚ የማያውቃቸው፣ እኔ በር ላይ የታወቁ።

አንለይ የደምበጫው፣
አንድ በሬ ሸጦ ነው ስድስት ዘፈን ያስቀረፀው።
አባቱ «በቀረው አንድ በሬ አይታረስም» ሲሉ፣
«በሄደውማ ዘፈንኩ፣ አባዬ» ብሎ ሳቀ አሉ።

ልየውና ትሁኔ፣ የቡሬዎቹ፣
ግድግዳ ላይ ፍራሽ ሰቅለው፣ የእንቁላል ካርቶን ለጥፈው፣
አንዲት ማይካቸውን ደግሞ በልጅ ካልሲ ሸፍነው
ሌሊት ሲቀርፁ ዶሮ ጮኸባቸው።
ሊቆርጡት ሞከሩ፤ አልተቆረጠም፤
አራተኛው ዘፈን ላይ፣ ከማሲንቆው ጀርባ አለ።
እውነቱን ልንገራችሁ፣
እኔ የምጠብቀው ያንን ዶሮ ነው።

ከሁሉ ከሁሉ ግን የጅጋዋ ይታይሽ።
ቀን ወፍጮ ቤት ትመዝናለች፣ ቅንድቧ ዱቄት ለብሶ፤
ማታ እዚያው ትቀርፃለች፣ ሞተሩ ሲተኛ ተንፍሶ።
ችግሩ፣
ወፍጮው የሚያርፈው መብራት የጠፋ ጊዜ ነው፤
መብራት ሲመጣ ደግሞ ቀድሞ የሚነሣው እሱ ነው።
በሁለቱ መሐል ያለች፣ ክር የምታህል ጊዜ፣
በዚያች ነው የቀረፀችው፤ ገሚሱን በሳቅ፣ ገሚሱን በትካዜ።

«ለእንቁጣጣሽ» አለችኝ አምና፤
«ለእንቁጣጣሽ» ካቻምናም ብላኝ ነበርና
አልተቀየምኩም። ብር አጥሯት ነው።
ብር በክረምት ከመንደሯ ግርጌ ሞልቶ ያልፋል፣
ግንድ ያንከባልላል፣ ደለል ይጠርጋል፣ ለሱዳን ይተርፋል፣
እሷ እጅ ላይ ግን አያድርም።
ወንዙን ነው የምላችሁ።
ወይም ሌላውን።

ኮምፒዩተሬ ላይ ፎልደር አለ፣ ስሟን ጽፌ ያኖርሁት፤
ባዶ ቀፎ አጥኖ፣ ዋንዛ ላይ ሰቅሎ፣ መንጋ እንደሚጠብቅ ሰው
ጧት ጧት ከፍቼ ጆሮ እሰጠዋለሁ፣ ዝምታው እስኪሰለቸው።

ዛሬ ከሰዓት፣ ጭቃው ከጉልበቱ ደርሶ፣
ጋሽ ጓዴ መጡ ከቆላ፣ ጋቢያቸው እስከ ክሩ ርሶ።
ሜሞሪያቸውን ከኮፍያቸው ስፌት ፈትተው ሰጡኝ።
«ሞልቷል» አልኳቸው፤ «አንዲት ዘፈን አትገባም።»
«አጥፋልኛ!»
«የትኛውን?»
«በሬዎቼ የሰለቹትን። ስጠምድ ጆሯቸውን የማያቆሙለትን።»
አጠፋሁ፤ ግማሹ ባዶ ሆነ።
«ታዲያ ምን ልጫንበት?»
«ምንም። ቦታ ልቀቅልኝ ነው ያልሁህ።
ያቺ የወፍጮ ቤቷ ልጅ ትለቃለች ብለኸኝ የለ?
የለቀቀች ቀን፣ ድምፅዋ ማረፊያ አጥቶ
ከሰው ደጅ እንዳይቆም።»

ዐሥር ብር ከፈሉኝ፣ ለባዶ።
አልቀበልም ብል ተቆጡ፤
«ዘር ያልገባበት እርሻም ግብር አለው» ብለው ወጡ።

መሸ። ዝናቡ አባራ።
ስልክ ጠጋኙ ቆልፎ ሄደ፣ ሻይ ቤቱም ወንበሩን ሰበሰበ።
ደብተሬን ከፈትሁ፤ ከስሟ ፊት «አምና» የሚለውን ሰርዤ፣
«ነገ» ብዬ ጻፍሁ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ
ከጅጋ በኩል የመጨረሻው አውቶቡስ ጡሩምባ ተሰማ።

አንለይ በሬውን ሸጠ።
እኔ፣ ሌላ የምሰጠው የለኝም፣
በሬን አልዘጋሁም።