ደብተር ቁጥር አሥራ ዘጠኝ

እዚህ ሹሙ ነፋስ፣ ነፋስ ነው ከንቲባው፤
ስንቱን ቆብ ነጥቆ ከባሕር አስገባው።
ፑንታ አሬናስ ነው፣ የምድር ጅራት ጫፉ፤
ሰዎች ጎንበስ ብለው ግንብ ታከው ሲያልፉ፣
ኤደልሚራ ኦያርሶ መስኮቷን ዘግታ
ትቀመጣለች ማታ፣ ምድጃዋን ሞልታ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የጀልባ ትኬት ሸጣ፣
ጡረታ ስትገባ ፀጉሯ እንደ ጨው ነጣ።
አሁን ለቃሚ ናት። ዛጎል አትለቅም፤
ጠጠር፣ የባሕር እንጨት፣ ምንም አትሸከም።
ኢንተርኔት ከሚሉት ወሰን የለሽ ገበያ
ሰው ረግጦት ያለፈ፣ የሌለው መጠሪያ
አንዳች ጉድ ስታገኝ እርሳሷን ትቀርጻለች፤
በተማሪ ደብተር በቁጥር ትጽፋለች።

የእህቷ ልጅ ናዌል ቆሞ ይስቅባታል፦
«አክስቴ፣ ማሽኑ እኮ ያስታውስልሻል።»
«ማስታወሱንስ ያስታውስ፤ መገረም መች ያውቃል?»

ሁለት ሺህ ሰባት፦ ታሊን ውስጥ ያለ አናጢ
የበር ሲጥታ ይቀዳል።
በር በበር ዞሮ፣ ድምፅ በድምፅ ለይቶ፣
«ይቺ የመበለት በር ናት፤ ያቺ የሰካራም፤
ያቺ ደግሞ ቤቱን የተወ ሰው ቀስ ብሎ የዘጋት» ይላል።

ሁለት ሺህ ሠላሳ፦ ኦሳካ ያለች ነርስ
መንገድ ላይ የወደቀ ጓንት ፎቶ ታነሣለች፤
የቀኝ እጅ ብቻ።
ስለ ግራው ሲሏት፣ «ለሌላ ሰው ትቼ ነው» ትላለች።
(ኤደልሚራ ከሥሩ፦ «ያ ሌላ ሰው የት አለ? ይፈለግ።»)

ሦስት ሺህ ዘጠና አንድ፦ ግላስጎ፣ አንድ ጡረተኛ
ደጁ ያለችውን ኩሬ በየጠዋቱ በማስመሪያ ይለካል፤
ስም አውጥቶላታል፣ ሞይራ።
ሐምሌ ላይ አንድ ቀን «ሞይራ ዐረፈች» ብሎ ጻፈ።
በማግስቱ ዘነበ።
«ይቅርታ፣ ተቻኩዬ ነው።»

ቁጥር የረሳችው፦ ሞራቪያ፣ ከአንዲት ፖም ዛፍ ፊት
ካሜራ ተተክሏል፤ ሌት ተቀን ዛፏን ያያል።
ሌሊት ሌሊት አሥራ አራት ሰው ይመለከታታል፤
ማንም ማንንም አያናግርም።
ኤደልሚራ ገብታ አሥራ አምስት ሆኑ፤
ያን ሌሊት አንዲት ፍሬ ወደቀች፤
አሥራ አምስቱም በየቤታቸው «እህ!» እንዳሉ ትምላለች።

ሁሉንም ግን አትይዝም። ሁለት ራስ ያለው ጥጃ፣
ከጨረቃ የተላከ ደብዳቤ፣ «ሳታዩ አትለፉ» የሚል ሁሉ፣
በእጇ ጀርባ ትገፋዋለች፤
«እውነተኛ ጉድ አይጮህም፤ ጥግ ይዞ ነው የሚቀመጥ።»

ባለፈው ነሐሴ፣ ነፋሱ ሲያፏጭ፣
መብራት ሦስቴ ሄዶ ሦስቴ ተመልሶ፣
ትሪዬስቴ የሚኖር አንድ ሰው ያጠራቀመውን አሮጌ ትኬት
ስታገላብጥ፣ እጇ ቆመ።
ቢጫ የሆነች ቁራጭ፦ ከፑንታ አሬናስ፣ ፖርቬኒር።
በጥጓ፣ ምስር የምታክል፣ በእስክሪብቶ የተሣለች ዓሣ።
ከሥሯም እንዲህ ይላል፦
«አሥራ አንድ አሉኝ። ማን እንደሣላቸው ባውቅ!
ዓሦቹ ሁሉ ወደ ግራ ይዋኛሉ።»

ወደ ግራ?
ጀልባ ዘግይቶ ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር
ጭራ ቀጠል፣ ዓይን ጠብ አድርጋ የሰጠችው፣
ስንት ሺህ ዓሣ ይሆን፤ አንዱንም አልቆጠረችው።
ባሕሩ ለካ ከመስኮቷ በስተግራ ነበር።

«እኔ ነኝ» ብላ መጻፍ ጀመረች። አጠፋችው።
እንደገና ጻፈች። አጠፋችው።
ከዚያ እርሳሷን ቀረጸች፦
«አራት ሺህ አሥራ ሁለት፦ ትሪዬስቴ ያለ ሰው
የአንዲት ትኬት ቆራጭ ዓሦች ያጠራቅማል።
ሴትዮዋ አልታወቀችም።»
ከጎኑም አንዲት ሣለች፣ ወደ ቀኝ የምትዋኝ፤
እጇ እንቢ አለ፤ ጠመመባት።

ጠዋት ናዌል ደብተሩን አየና፣
«አክስቴ፣ ይሄ ጫማ ምንድነው?»
«ዓሣ ነው» አለችው፣ «ሲመለስ።»